ከተከዜ እስከ ቢኪኒ

ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ኢትዮጵያ ግንባር ቀደም ሆና ከሌሎች የአፍሪካና የእስያ አገሮች ጋር ያቀረበችውን የውሳኔ ሐሳብ በ55 ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ26 ድምፀ ተአቅቦ አጸደቀ። ቁጥሩ 1653 ነው። የኒውክሌር መሣሪያ መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር መጣስ ነው፤ በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ይላል። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ተቃወሙ። የእኛዋ አገር ግን ከጭቃ ቤቷና ከበሬ እርሻዋ ተነሥታ ለኃያላኑ ይህን ቃል በጽሑፍ ሰጠች።

እኔ በዱርቤቴ የምኖር ሰው ነኝ። በአካባቢያችን የታሪክ ጨዋታ ሲነሣ ዓድዋ ይነሣል፣ የአምስቱ ዓመት አርበኝነት ይነሣል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ የተናገሩት ይነሣል። የኅዳር 15ን ነገር ግን ከሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። ሰው ቢረሳው አይገርመኝም፤ ጉባኤ ላይ እጅ ማውጣት እንደ ጦር ሜዳ አይዘፈንለትም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያ ወረቀት ኒውዮርክ ላይ ከመጻፉ 26 ዓመት ቀደም ብሎ ምክንያቱ በጎጃም ገበሬ ገላ ላይ ተጽፎ ነበር።

በጣሊያን ወረራ ጊዜ የሰሜኑን ጦር ምዕራብ ክንፍ ይመሩ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የጎጃም ገዥ ነበሩ። ከደብረ ማርቆስ ተነሥተው ወደ ሽሬ ሲዘምቱ የተከተላቸው ሰው ከዚህ ከእኛ አገር የተነሣ ነው፤ ከማሳው፣ ከአውድማው፣ ከበሬው ተለይቶ የሄደ። መንገዱ ረጅም ነበር፣ አውሮፕላንም በየደረሱበት አላስቀመጣቸውም። ሆኖም በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ተከዜን ተሻግረው ጣሊያንን ወደ ኋላ ገፉት። ደምበጉና ላይ ታንኮቹን ሳይቀር ማረኩበት። የመርዙ ዝናም የወረደው ከዚህ ድል በኋላ ነው። ራስ እምሩ በኋላ ሲመሰክሩ፣ ቦምብ ሲጠብቁ ከአውሮፕላኖቹ እንግዳ የሆኑ በርሜል መሰል ነገሮች እንደ ወረዱ፣ መሬትና ወንዝ ሲነኩ እየተሰበሩ ቀለም የሌለው ፈሳሽ እንደ ረጩ ተናግረዋል። ጥቂት ሳይቆይ በመቶ የሚቆጠር ሰው እጁ፣ እግሩና ፊቱ ውኃ ቋጥሮ ይጮህ ጀመር። ሊጠጡ ወደ ወንዙ የወረዱት እዚያው ወደቁ። አለቆቹ ከበው ምን እናድርግ ቢሏቸው የሚመልሱት ቃል አጡ። ጎራዴና ጠመንጃ ይዞ የመጣ ሰው ከሰማይ በሚወርድ ዘይት ላይ ምን ያዛል?

ይህ ዘይት የሰናፍጭ ጋዝ ወይም ኢፔሪት የሚባለው ነው። ጋዝ ይባል እንጂ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው። ጣሊያኖች ሲ 500 ቲ ይሉት በነበረው ቦምብ ውስጥ 212 ኪሎ ያህል ይሞላ ነበር። ቦምቡ መሬት ላይ አይፈነዳም። ከመሬት በላይ ሁለት መቶ ሃምሳ ሜትር ያህል ሲቀረው ሰዓት የተሞላለት መቀጣጠያው ይከፍተውና ፈሳሹ ወደ ታች ይንጠባጠባል። ብዙውን ጊዜ ሲነካ ወዲያው አያቃጥልም፤ ከሰዓታት በኋላ ነው የሚያሳብጠው። ሣር ላይ ይተኛል፣ ቅጠል ላይ ይጣበቃል፣ ወንዝ ዳር ይቆያል። ጫማ ያደረገ፣ ጭንብል ያጠለቀ፣ ልብሱን የሚለውጥና ሳሙና የሚያገኝ ወታደር ሊቋቋመው ይችል ይሆናል። የእኛ ሰው በባዶ እግሩ ነው የዘመተው። ሸማው ያንን ፈሳሽ ጠጥቶ ከገላው ጋር ውሎ ያድራል። ሐኪም በሌለበት፣ መድኃኒት በሌለበት፣ በሽሽት ላይ። መሣሪያውን ያወጡት አውሮፓውያን እርስ በርስ ሲዋጉበት ቢያንስ ሁለቱም ወገን ጭንብል ነበራቸው።

እዚህ አካባቢ አባታቸው የሽሬ ዘማች የነበሩ አንዲት መነኩሲት አውቃለሁ። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ «እማሆይ፣ አባትዎ ስለ ዘመቻው ያጫውቱዎት ነበር?» አልኋቸው።

«ኧረ ልጄ፣ እሱ መች ያወራል! የጥይቱንማ ነገር ያወራል፤ ማን የት እንደ ወደቀ፣ ማን ማንን እንደ ተሸከመ። የጥልያን ዝናም ከተነሣ ግን ዝም ነው። ከጉልበቱ በታች ቆዳው ተኮማትሮ ነበር። ክረምት ሲገባ ያሳክከው ነበር። ማረሱን አልተወም፤ ደቦ ላይ ግን ሱሪውን ሰብስቦ እግሩን ለሰው አያሳይም ነበር።»

«ለምን አያሳዩም ነበር?»

«ቁስሉማ የወንድ ቁስል መች ነው ይል ነበር። በጦር የተወጋ ጠባሳውን ያሳያል፤ ይኼን ምን ብሎ ያሳየው?»

ይህ መልስ ከልቤ አልወጣም። ገዳዩን ሳያይ ስለ ቆሰለ የቆሰለው ሰው አፈረ። ያዘዙት ሰዎች ግን አላፈሩም። ጣሊያን በጦርነት የመርዝ ጋዝ እንዳይሠራበት በ1925 እ.ኤ.አ. ጄኔቭ ላይ የተደረገውን ስምምነት ፈርማ አጽድቃለች። ሙሶሊኒ ለማርሻል ባዶሊዮ በቴሌግራም ፈቃድ ሰጠ። ከሽሬ በኋላም ቀጠለ፤ በ1931 ዓ.ም. በዘረት ዋሻ የተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው በዚሁ መርዝ ተጠቁ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ስልሳ ዓመት ቆይቶ፣ አንጄሎ ዴል ቦካ የተባለው የራሳቸው ታሪክ ጸሐፊ ከገዛ መዝገቦቻቸው አውጥቶ ካፋጠጣቸው በኋላ። የእማሆይ አባት ያን ሳይሰማ ነው ያረፈው።

አሁን ከጎጃም በጣም ወደ ራቀ ቦታ ልሂድ። በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል ማርሻል ደሴቶች የሚባል አገር አለ። ሕዝቡ ከእኛ ከደቡብ አቸፈር ወረዳ ሕዝብ ያንሳል። መሬቱ አቶል በሚባል ቅርጽ የተሠራ ነው፤ በመሐሉ ጸጥ ያለ ባሕር ይዞ ዙሪያውን በኮራል ድንጋይ የተከበበ የደሴቶች ቀለበት። ጃፓን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይዛው ነበር። በ1944 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን መጥተው ክዋጃሌንና ኤኒዌታክ የተባሉትን አቶሎች ከጃፓን ወታደር ጋር ተዋግተው ያዙ። በእነዚያ ጠባብ መሬቶች ላይ በቀናት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች አለቁ፤ የኮኮናት ዛፉ ተገንድሶ ደሴቱ ራቁቱን ቀረ። ለባለ አገሩ ሰው ጦርነቱ የሁለት እንግዶች ጠብ ነበር። የኋለኛው ነፃ አውጪ ተብሎ መጣ።

ነፃ አውጪ ሁሉ በጊዜው አይወጣም፤ ይህን እኛም እናውቃለን። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ባንዲራ ሰቅለው፣ በበላያ ተራራ አድርገው ወደ ቡሬና ደብረ ማርቆስ ሲመጡ ከእንግሊዛዊው መኮንን ከዊንጌት ጋር ነበሩ። ሌላው እንግሊዛዊ መኮንን ሳንድፎርድ ቀድሞ በ1932 ክረምት ገብቶ ከደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ጋር ተገናኝቷል። እነዚህ እንግሊዞች ረድተዋል፤ ውለታቸውን አልክድም። የእንግሊዝ መንግሥት ግን ጣሊያን ከወጣ በኋላም ኦጋዴንን ለብዙ ዓመታት አልለቀቀም። ጎጃም እጇን ነፃ አድርጋ የቆየችው አስቀድሞ በጫካ የታጠቀ ሕዝብ ስለ ነበራት ነው። ማርሻሎች እንዲህ ያለ ጦር አልነበራቸውም።

በየካቲት 1946 እ.ኤ.አ. በአንድ እሑድ፣ የቢኪኒ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን እንደ ወጡ አንድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ሰበሰባቸው። ለሰው ልጅ በጎነትና ጦርነትን ሁሉ ለማስቀረት ሲባል ደሴታቸውን ለጊዜው እንዲለቁ ጠየቃቸው። ሃይማኖተኞች ነበሩ፤ በእግዚአብሔር ስም የተጠየቁት ነገር መሰላቸው። አለቃቸው ጁዳ ሁሉ በእግዚአብሔር እጅ ነው ብሎ ተቀበለ። 167 ሰዎች ዕቃቸውን ጭነው ሮንገሪክ ወደሚባል ምግብ ወደሌለው ደሴት ተወሰዱ፤ እዚያ ተራቡ፣ ከዚያ ወደ ክዋጃሌን፣ ከዚያም ዓሣ ማጥመጃ ጸጥ ያለ ባሕር ወደሌለው ኪሊ ተዛወሩ። ርስት ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ጎጃሜ ይህን ሲሰማ የሚገባውን ያህል የዋሽንግተን ባለሥልጣን የገባው አይመስለኝም። የአባትና የአያት መቃብር ያለበትን መሬት ለጊዜው ብሎ መልቀቅ! በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አንዳንዶቹ ተመልሳችሁ ኑሩ ተብለው ገቡ፤ ከመሬቱ የበቀለው መርዝ ሰውነታቸው ውስጥ ሲገኝ በ1978 እንደገና ተነሡ። እስከ ዛሬ ቢኪኒ የሚኖርባት ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ከ1946 እስከ 1958 እ.ኤ.አ. አሜሪካ በማርሻል ደሴቶች 67 የኒውክሌር ሙከራ አደረገች። ከሁሉ የከፋው ካስል ብራቮ የተባለው ነው፤ የካቲት 22 ቀን 1946 ዓ.ም. ቢኪኒ ላይ። ሳይንቲስቶቹ 6 ሜጋቶን ያህል ይሆናል ብለው ገምተው ነበር፤ አይነሣሣም ያሉት የሊቲየም ዓይነት ከእሳቱ ጋር ተቀጣጥሎ 15 ሜጋቶን ሆነ፣ የሂሮሺማን አንድ ሺህ እጥፍ። ኮራሉ ተፈጭቶ ወደ ሰማይ ወጣ፤ ከሰዓታት በኋላ ከመቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ባለችው በሮንገላፕ ላይ ነጭ አመድ ሆኖ ዘነበ። ልጆቹ እንዲህ ያለ ነገር አይተው ስለማያውቁ ተጫወቱበት፣ ገላቸውን ቀቡት። አመዱ በውኃ ማጠራቀሚያው ገባ፣ ጠጡት። ማታውን ማስመለስ ጀመሩ፣ ቆዳቸው ተቃጠለ፣ ጸጉራቸው ረገፈ። ያነሣቸው መርከብ የመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። በአቅራቢያው የነበረችው የጃፓን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ 23 መርከበኞችም ታመሙ፤ ሬዲዮ ኦፐሬተሩ ኩቦያማ አይኪቺ ከወራት በኋላ ሞተ። የሮንገላፕን ሰዎች ሐኪሞች ለማከምም፣ ለማጥናትም መረመሯቸው። በ1957 እ.ኤ.አ. ደኅና ነው ተብለው ተመለሱ። ልጆቻቸው በእንቅርትና በካንሰር ሲታመሙባቸው ቆይተው በ1985 በግሪንፒስ መርከብ ተጭነው አገራቸውን ጥለው ወጡ።

ተከዜና ሮንገላፕ አንድ ናቸው አልልም። ጣሊያን ሰውን ለመግደል ነው የጣለው፤ አሜሪካ ለመሞከር ነው ያፈነዳችው። ነገር ግን ሁለቱም ጊዜ መሣሪያው ድምፁ አይሰማም በተባለ ሕዝብ ላይ ነው የወረደው። ሙሶሊኒ የመርዝ ቦምቡን ፓሪስ ላይ አልጣለም፤ አሜሪካም ሃይድሮጂን ቦምቧን ከኒውዮርክ ባሕር ዳር አላፈነዳችም። ፈረንሳይም በየካቲት 1952 ዓ.ም. የመጀመሪያ አቶሚክ ቦምቧን ያፈነዳችው አልጄሪያ ውስጥ፣ ሰሐራ ላይ ነው። ሰሐራ ባዶ ነው ተባለ። ቢኪኒም እንደ ባዶ ተቆጠረች። ካርታ ላይ ባዶ የሚመስል ቦታ ሁሉ የአንድ ሰው ግጦሽ ነው፣ የአንድ ሰው መቃብር ነው፣ የአንድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ነው።

ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. የተናገረችው በዚህ መሐል ነው። የሰነዱን መግቢያ ያነበበ ሰው የሚያገኘው ነገር አለ። የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ በሕግ የተወገዘ መሆኑን ሲያስረዳ ከሚጠቅሳቸው ስምምነቶች አንዱ የ1925ቱ የጄኔቭ የጋዝ ስምምነት ነው፤ ያው በተከዜ ላይ የተረገጠው። ያ ስምምነት ሲጣስ ዝም ያለው ዓለም በኋላ ምን እንዳገኘው ከእኛ የበለጠ የሚመሰክር አልነበረም። ሶቪየት ኅብረት በዚያ ቀን ድጋፍ ሰጠች፤ ከወር ባነሰ ጊዜ በፊት ግን በሰው ልጅ ታሪክ ትልቁን ቦምብ፣ 50 ሜጋቶን የሚሆነውን፣ በአርክቲክ ላይ አፈንድታለች። የእሷን ድጋፍ ከልብ የመጣ አድርጌ አልቆጥረውም። ውሳኔውም አስገዳጅ አይደለም፤ ማንም በእሱ ተከሶ አልተቀጣም። ቢሆንም በ1996 እ.ኤ.አ. የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ስለ ኒውክሌር መሣሪያ ሕጋዊነት አስተያየት ሲሰጥ ይህን ውሳኔ ጠርቶታል። ከአዲስ አበባ የወጣ ሐሳብ ሠላሳ አምስት ዓመት ቆይቶ የዳኞች ጠረጴዛ ላይ ደረሰ ማለት ነው። ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮም አገራችን ጄኔቭ በተቋቋመው የ18 አገሮች የትጥቅ ማስፈታት ኮሚቴ ውስጥ ከስምንቱ ገለልተኛ አገሮች አንዷ ሆና ተቀምጣለች። የዚያ ዘመን ዲፕሎማቶቻችን ሊመሰገኑ ይገባል።

ግን ኩራቱ ብቻ አይበቃኝም። ከሰማይ የሚወርድ እሳት ወንጀል ነው ያለች አገር ራሷን በዚያው ሚዛን መመዘን አለባት። በ1936 ዓ.ም. የትግራይን አመፅ ለማብረድ መቀሌ ላይ የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ እንዲጥል የተፈቀደው በዚያው በጄኔቭ በጮኹት ንጉሥ ዘመን ነው። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ሐውዜን ገበያ ላይ የደርግ አውሮፕላኖች ለገበያ የወጣውን ሰው ጨረሱ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በራሳችን በፍኖተ ሰላም ከሰማይ በወረደ ጥቃት ከሃያ በላይ ሰዎች መሞታቸውን የዜና ወኪሎች የሆስፒታል ምንጮችን ጠቅሰው ዘግበዋል። ጋዝ አይደለም፣ አቶም አይደለም። ለሟች እናት ግን ልዩነቱን ማን ያስረዳታል? የማንም ወገን ደጋፊ ሆኜ አይደለም ይህን የምጽፈው። የ1954ቱን ቃል የጻፍን እኛ ስለሆንን ነው። ለቢኪኒ የጠየቅነውን ለሐውዜንና ለፍኖተ ሰላም ካልጠየቅን፣ ያ ወረቀት የሌላ ሰው ይሆናል።

የፍትሑ ነገርም ያሳዝናል። ኢትዮጵያ የጣሊያን ጦር አዛዦቹን ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ለፍርድ ለማቅረብ ብዙ ደከመች፤ ለጋዙም ሆነ በዚህ ምድር ለሠሩት ሌላ ግፍ በማንም ፊት አልቀረቡም። በ1947 እ.ኤ.አ. የፓሪስ የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተወሰነ፤ የቆቃ ግድብ ከዚያ ካሳ ጋር የተያያዘ ነው። ግድቡ መብራት ሰጥቷል፣ መልካም ነው። ለተቃጠለው ገበሬ በስሙ የደረሰው ግን ምንም የለም። የማርሻሎቹም እንዲሁ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተቋቋመላቸው የካሳ ፍርድ ቤት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወሰነላቸው፤ መክፈያ ተብሎ ተይዞ የነበረው ፈንድ 150 ሚሊዮን ዶላር ስለነበር ገንዘቡ አለቀ፣ ፍርዱ ወረቀት ላይ ቀረ።

በ2014 እ.ኤ.አ. ያች ትንሽ አገር ዘጠኙን የኒውክሌር ባለቤት አገሮች ሄግ ላይ ከሰሰች። የፍርድ ቤቱን ሥልጣን ተቀብለው የነበሩት ሦስቱ ብቻ ስለሆኑ ክርክሩ በእንግሊዝ፣ በሕንድና በፓኪስታን ላይ ቀጠለ። በ2016 የእንግሊዙ ጉዳይ ስምንት ለስምንት ተከፍሎ በፕሬዚዳንቱ ድምፅ ውድቅ ሆነ። ስምንት ዳኛ ከጎኗ ነበር ማለት ነው። ያን የኒውዮርክ ቃል የሰጠችው ኢትዮጵያ ግን በዚያ ችሎት ከማርሻሎቹ አጠገብ አልታየችም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የትምህርት ሚኒስቴር ውሳኔ 1653ን በታሪክና በሥነ ዜጋ መማሪያ ውስጥ ያስገባው፤ የጄኔቩን ንግግር ያጠና ልጅ የኒውዮርኩንም ያንብበው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የማርሻል ደሴቶች ሕዝብ የብራቮን ቀን በሚያስብበት በየዓመቱ የካቲት 22 ቃል ይላክ፣ በጉባኤም ከጎናቸው ይቁም። በአቸፈር፣ በቡሬ፣ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም ያሉ መምህራንና የታሪክ ክበባት ደግሞ ወደ ሽሬ ሄደው የተመለሱትንና ያልተመለሱትን የዘማቾች ስም ከቤተሰብና ከየደብሩ የፍትሐት ማስታወሻ ይሰብስቡ። እማሆይ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ እንደ እሳቸው የሚያስታውሱ ሰዎች ብዙ አልቀሩም። ሥራው ዘንድሮ ሊጀመር ይገባል።